በልበ ሙሉነትና በአክብሮት መናገር፦ የታካሚን ደኅንነት የሚጠብቅ ክህሎት

መግቢያ

በሕክምና ሥራ ላይ የሚደርሱ ጉዳቶች ሁሉ በእውቀት ማነስ የሚመጡ አይደሉም። አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛው እውቀት በክፍሉ ውስጥ እያለ የያዘው ሰው አይናገረውም፤ ወይም ተናግሮ አይሰማም። ነርሷ የታዘዘው መጠን መብዛቱን አይታለች፤ ኢንተርኑ የታካሚው ሁኔታ እየከፋ መሄዱን ጠርጥሯል፤ የላቦራቶሪ ባለሙያው ውጤቱ ከታካሚው ምልክት ጋር አለመጣጣሙን አስተውሏል። ሆኖም "ከእኔ የሚበልጡት አይተውት ይሆናል" በሚል እሳቤ ጉዳዩ በዝምታ ይታለፋል። የዚህ ዝምታ ዋጋ ደግሞ በታካሚው ላይ ያርፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ባለሙያው ያየውንና ያመነበትን ነገር ሰውን ሳይዳፈር፣ ራሱንም ሳያሳንስ እንዴት መናገር እንደሚችል ማብራራት ነው። በእንግሊዝኛው አጠራር "አሰርቲቭ ኮሙኒኬሽን" የሚባለው ይህ ክህሎት የተፈጥሮ ስጦታ ሳይሆን እንደ ደም ሥር ማግኘት ወይም ቁስል እንደ መስፋት በልምምድ የሚገኝ ነው። ይሁን እንጂ የተናጋሪው ክህሎት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ የአድማጩ ኃላፊነት እኩል መሆኑንም ለማሳየት እንሞክራለን።

የሐሳቡ ምንነት

ጽንሰ ሐሳቡ መነሻው የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 አንድሪው ሳልተር፣ በ1958 ደግሞ ጆሴፍ ዎልፒ ሐሳባቸውን ለመግለጽ የሚፈሩ ሰዎችን በልምምድ ማገዝ እንደሚቻል ጽፈዋል። ሐሳቡ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970 አልበርቲና ኤመንስ ለተራው አንባቢ ባዘጋጁት መጽሐፍ አማካይነት ነው።

በጥቅሉ ሰዎች ቅሬታቸውን ወይም ሐሳባቸውን የሚገልጹባቸው መንገዶች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው የተሸማቀቀ አነጋገር ሲሆን፣ ተናጋሪው የሌላውን ክብር ጠብቆ የራሱን ሐሳብ ይውጣል። ሁለተኛው የቁጣ አነጋገር ነው፤ በዚህ ተናጋሪው የራሱን ሐሳብ ቢገልጽም የሌላውን ክብር ይረግጣል። ሦስተኛው አሽሙር ነው፤ ፊት ለፊት ያልተነገረው ነገር በጎን፣ በቅኔ ወይም በሐሜት ይወጣል። አራተኛው የሁለቱንም ወገን ክብር ጠብቆ ጉዳዩን በግልጽ ማስቀመጥ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በአራተኛው ላይ ነው።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት፣ በልበ ሙሉነት መናገር ማለት ድፍረት ወይም ስድነት አለመሆኑን ነው። ልዩነቱ በዓላማው ላይ ነው፤ ደፋሩ ሊያሸንፍ ይናገራል፤ ልበ ሙሉው ግን ጉዳዩ እንዲታይ ይናገራል።

ከጋፋት ታሪክ የምናገኘው ትምህርት

ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ የሚገኘው ጋፋት በአገራችን የቴክኖሎጂ ታሪክ ትልቅ ስፍራ ያለው ቦታ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡ ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎችን እዚያ አስፍረው የብረታ ብረት ሥራ አስጀምረዋል። ንጉሠ ነገሥቱ አገራቸው በራሷ እጅ መሣሪያ እንድትሠራ የነበራቸው ራእይ ከዘመናቸው የቀደመ እንደነበር የታወቀ ነው።

ከእነዚህ ባለሙያዎች መካከል አብዛኞቹ መድፍ የማቅለጥ ሥራ አያውቁም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከባድ መድፍ እንዲሠሩላቸው ባዘዙ ጊዜም ይህን ሥራ እንደማይችሉት ነገሯቸው። "አናውቅም" የሚለው መልስ ግን ተቀባይነት አላገኘም። አገልጋዮቻቸው ታሰሩ፤ ባለሙያዎቹም ሥራውን ለመሞከር ተስማሙ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ሥራው ተደጋግሞ በመጨረሻ ተሳካና እ.ኤ.አ. በ1867 ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተቀልጦ ወጣ። በብዙ ሺህ ሰው ጉልበት እየተጎተተ የደረሰውም እስከ መቅደላ ነው።

አንባቢ "ታዲያ ማስገደዱ ውጤት አስገኘ አይደለምን?" ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው በሥራው ባሕርይ ላይ ነው። የከሸፈ ነሐስ እንደገና ይቀልጣል፤ እንደገናም በቅርጹ ይፈስሳል። በሕክምና ግን የከሸፈውን መልሶ ማቅለጥ የለም። ስለሆነም "አላውቅም"፣ "እርግጠኛ አይደለሁም"፣ "ይህ ትክክል አይመስለኝም" የሚሉት ቃላት በጤና ተቋም ውስጥ መነገርና መሰማት ያለባቸው ከሙከራው በፊት ነው። ከጋፋት ታሪክ የምናስተውለው ሌላው ቁም ነገር፣ ባለሙያዎቹ ከመናገር ወደ ኋላ አለማለታቸው ነው። የጎደለው የሚሰማ ጆሮ ነበር።

ዝም የምንለው ለምንድን ነው?

በኅብረተሰባችን ውስጥ ለዝምታ ብዙ ምክንያት አለ። ከእነዚህም ዋነኛው ይሉኝታ ነው። ቃሉ ራሱ "ይሉኛል" ከሚለው የመጣ እንደመሆኑ፣ ሰው ስለ እኔ ምን ይላል የሚለውን ሥጋት ይገልጻል። ይሉኝታ ጎረቤትን ከጎረቤት፣ ታናሽን ከታላቅ አስማምቶ የሚያኖር በጎ ጠባይ ነው፤ ሊናቅም አይገባም። በታካሚ አልጋ አጠገብ ግን "ምን ይሉኛል?" የሚለው ጥያቄ "ታካሚው ምን ይሆናል?" በሚለው መተካት አለበት።

ሁለተኛው ምክንያት የማዕረግ ልዩነት ነው። "ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ" የሚለው አባባል በሥራ ቦታም ሥር አለው። ተማሪው ነጥቡን፣ ነርሷ የሥራ አፈጻጸም ግምገማዋን፣ ጄኔራል ሐኪሙ የስፔሻሊቲ ዕድሉን ያስባል። ሥጋቱ መሠረተ ቢስ ነው ማለት አይቻልም።

ሦስተኛው ምክንያት የአነጋገር ልማዳችን ነው። ለበላይ የምንናገረው በተዘዋዋሪ ነው፤ "እንዲያው ምናልባት አንድ ጊዜ ቢታይ አይከፋም" እንላለን። በምሽት ተረኝነት ለደከመ ሐኪም ይህ ዓረፍተ ነገር ማስጠንቀቂያ መሆኑ ላይታወቀው ይችላል። ተናጋሪው "ነግሬያለሁ" ብሎ ያምናል፤ አድማጩ ግን የሰማው ነገር የለም።

ሆኖም ባህላችን ዝምታን ብቻ አያስተምርም። "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል"፣ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚሉትም የእኛው አባባሎች ናቸው።

የሊቦ ከምከም ወረርሽኝ

በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ግንቦት 1997 ዓ.ም. የካላ አዛር ወረርሽኝ መከሰቱ ታወቀ። በሽታው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በዋነኛነት የመተማና የሁመራ ቆላ ችግር ተደርጎ ይታይ ስለነበር በደጋማው አካባቢ ማንም አልጠበቀውም። ረጅም ትኩሳት፣ የሰውነት መክሳትና የጣፊያ ማበጥ የታየባቸው ሕሙማን በመጀመሪያ የታሰቡት መድኃኒት የተላመደ ወባ እንደያዛቸው ነበር። ትክክለኛው ምርመራ ከታወቀ በኋላ በአዲስ ዘመን የሕክምና ማዕከል ተቋቁሞ ብዙ ሰዎች ታክመዋል።

ይህን የምናነሳው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ያልተጠበቀ በሽታን በቶሎ አለመለየት በየትኛውም አገር ያጋጥማል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሁኔታ ሲፈጠር አንድ ሰው "ይህ ሕመምተኛ የወባ መድኃኒት ሲወስድ ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው፤ አልተሻለውም፤ ምናልባት ወባ ባይሆንስ?" ማለት አለበት። ይህን ለማየት የተሻለ ዕድል ያላት ታካሚውን ደጋግማ የምታገኘው የጤና ጣቢያ ነርስ ወይም ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። በማዕረግ ዝቅ ያለው ባለሙያ ብዙ ጊዜ ለታካሚው የቀረበው ነው። በመሆኑም የእርሱ ዝምታ ሥርዓቱን ዓይኑን ያሳጣዋል።

ከሌላው ዓለም ተሞክሮ

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ አገር አንዲት ጤነኛ እናት ለቀላል የሳይነስ ቀዶ ሕክምና ሰመመን ተሰጥቷት ሳለ የአየር መተላለፊያዋ ተዘጋ። ሦስት ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ቱቦ ለማስገባት ደጋግመው ሞከሩ። አንዲት ነርስ የአንገት አየር ቧንቧ መክፈቻ መሣሪያ አምጥታ መዘጋጀቱን ተናገረች፤ ሌላዋ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ጠየቀች። ሐኪሞቹ በያዙት ሙከራ ተጠምደው ስለነበር ሁለቱም ሰሚ አላገኙም። ታካሚዋ ከ13 ቀናት በኋላ አረፈች። በኋላ በተደረገው ማጣራት ነርሶቹ መደረግ ያለበትን ያውቁ እንደነበር፣ ነገር ግን እንዴት ብለው እንደሚያነሱት እንዳላወቁ ታውቋል።

የሟቿ ባለቤት የአውሮፕላን አብራሪ ነበርና ነገሩን ከሙያው ጋር አያይዞ ተመለከተው። በአቪዬሽን ታሪክ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1977 በተነሪፍ ደሴት ሁለት ትልልቅ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች አልቀዋል። ከአደጋው ጥቂት ሰከንዶች ቀደም ብሎ የአንደኛው አውሮፕላን የበረራ መሐንዲስ መንገዱ ነጻ መሆኑን ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር፤ ዋና አብራሪው ግን ጥርጣሬውን አልተቀበለውም፤ መሐንዲሱም አልደገመውም። ከእንዲህ ዓይነት አደጋዎች በኋላ የአየር መንገዶች የበታች ሠራተኛው እንዲናገር፣ አዛዡም እንዲያዳምጥ በሥልጠና ማስተማር ጀመሩ። የሕክምናው ዓለምም ይህንኑ ልምድ ተውሷል።

እንዴት እንናገር? አራት ደረጃዎች

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 8 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሕፃን ጄንታማይሲን ታዟል። በቀን በኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም ሲሰላ የሚመጣው 60 ሚሊ ግራም ነው። በትእዛዙ ላይ ግን 600 ተጽፏል። አንድ ዜሮ ተጨምሯል ማለት ነው። ነርሷ ምን ትበል?

1ኛ. በጥያቄ መጀመር፦ "ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የዚህን ሕፃን የጄንታማይሲን መጠን አብረን ብናየው?" ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል፤ ስህተቱም ያለ ቅያሜ ይታረማል።

2ኛ. ሥጋትን ከነማስረጃው መግለጽ፦ "ሕፃኑ 8 ኪሎ ነው። በኪሎ 7.5 ሲሰላ 60 ሚሊ ግራም ይመጣል፤ እዚህ የተጻፈው 600 ነው። ይህ አሳስቦኛል።"

3ኛ. ሊደርስ የሚችለውን ጉዳትና መፍትሔውን ማስቀመጥ፦ "ይህ መጠን ኩላሊቱንና የመስማት ችሎታውን ሊጎዳ ይችላል። እስኪጣራ ድረስ እንዳቆየው ይፍቀዱልኝ።"

4ኛ. አቋምን ማሳወቅ፦ "ዶክተር፣ ይህን መጠን መስጠት አልችልም። ለተረኛው ስፔሻሊስት እደውላለሁ።" ይህ የመጨረሻው ደረጃ ነው። በችኮላ አይደረስበትም፤ የታካሚው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ግን አይዘለልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በአራቱም ደረጃዎች "እርስዎ" የሚለው የአክብሮት አጠራር አልተለወጠም። የተለወጠው የመልእክቱ ግልጽነት ነው። አማርኛ አክብሮትን በአጠራሩና በግሡ ውስጥ ስለሚሸከም፣ ለማክበር ሲባል ሐሳቡን ማድበስበስ አያስፈልግም። አክብሮቱ በአጠራሩ ይቀመጥ፤ ሥጋቱ ግን በቁጥር ይነገር።

ሌላው ጠቃሚ ደንብ ሥጋትን ቢያንስ ሁለት ጊዜ መናገር ነው። የመጀመሪያው ላይሰማ ይችላል። ሁለት ጊዜ ተነግሮ መልስ ካልተገኘ ወደ ቀጣዩ ኃላፊ ማለፍ የዲሲፕሊን ጉድለት ሳይሆን የሙያ ግዴታ ነው። የተነገረውንና የተሰጠውን መልስ በታካሚው ካርድ ላይ ከነሰዓቱ ማስፈርም ባለሙያውንም ታካሚውንም ይጠብቃል።

በስልክ ሲነገር

ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሲደወል ጊዜ አጭር ነው፤ የስልኩም መስመር ሊቋረጥ ይችላል። ለዚህም መልእክትን በአራት ከፍሎ ማቅረብ ይጠቅማል፦ ሁኔታ፣ መነሻ፣ ግምገማና ጥያቄ። ይህ ቅደም ተከተል ወደ ሕክምናው የመጣው ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የሰርጓጅ መርከቦች አሠራር ነው።

ለምሳሌ አንዲት አዋላጅ ነርስ እንዲህ ልትል ትችላለች፦ "ከወለደች 40 ደቂቃ የሆናት እናት ብዙ ደም እየፈሰሳት ነው። 28 ዓመቷ ነው፤ ይህ ሦስተኛ ልጇ ነው፤ ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት ተሰጥቷታል፤ ግሉኮስ ያልሆነ ፈሳሽ በሁለት መስመር ተከፍቷል። የደም ግፊቷ 80 በ50፣ የልብ ምቷ 130 ነው፤ ማኅፀኗ አልጠነከረም፤ የማኅፀን መላላት ነው ብዬ እገምታለሁ። ልልካት ስለሆነ ደምና የቀዶ ሕክምና ክፍል እንዲዘጋጅ እጠይቃለሁ።" ተቀባዩ የሰማውን ደግሞ ሲናገር መልእክቱ መድረሱ ይረጋገጣል።

ከታካሚ ጋር ስንነጋገር

ይህ ክህሎት ወደ ላይ ለመናገር ብቻ አይደለም። ከጉና ሥር ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ የመጣ አዛውንት ጉንፋን ይዞት "መርፌ ካልወጋችሁኝ አልሄድም" ሲል ሁለት ቀላል መንገዶች አሉ፤ መቆጣት ወይም መርፌውን ወግቶ መገላገል። ሁለቱም ስህተት ናቸው። ሦስተኛው መንገድ እንዲህ ነው፦ "አባቴ፣ ብዙ ደክመው እንደመጡ አያለሁ። መርምሬዎታለሁ፤ ሳንባዎ ንጹሕ ነው። መርፌ ለዚህ ሕመም አይጠቅምዎትም፤ ስለዚህ አልወጋዎትም። ትኩስ ነገር ይጠጡ፤ ይህን የትኩሳት ማስታገሻ ይውሰዱ። በሦስት ቀን ካልተሻለዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ተመልሰው ይምጡ።" እዚህ ውስጥ የድካሙ እውቅና፣ ግልጽ እምቢታ፣ ምክንያትና አማራጭ አሉ።

በተቃራኒው ታካሚውም እንዲናገር ማገዝ አለብን። "እንዴት ነዎት?" ስንለው በሕመም ላይ ያለው ሰው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ" ይላል። ይህ የምስጋና ቃል እንጂ የሕመም ታሪክ አይደለም። "ከትናንት ዛሬ የባሰብዎት ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ በሩን ይከፍትለታል። የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በ2008 ዓ.ም. ሲጀመር ከቀዳሚ ትኩረቶቹ አንዱ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራት ነበር። አክባሪነት ታካሚው ያልተናገረውን እንዲናገር ማስቻልንም ይጨምራል።

የኃላፊው ድርሻ

የጋፋት ባለሙያዎች መናገራቸው ብቻውን አልበቃም። እንደዚሁ ነርሶችንና ወጣት ሐኪሞችን "ተናገሩ" ብሎ ማሠልጠን፣ ሰሚው ካልተለወጠ ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ ስፔሻሊስቱ፣ ሜትሮኗና የክፍል ኃላፊው የሚከተሉትን ቢያደርጉ መልካም ነው፦

ሀ. ሥራ ከመጀመሩ በፊት "እኔም ልሳሳት እችላለሁ፤ ያያችሁትን ንገሩኝ" ብሎ በግልጽ መጋበዝ፤
ለ. የተናገረውን ሰው ሥጋቱ ትክክል ባይሆን እንኳ ማመስገን፤
ሐ. በራውንድ ላይ በታካሚ ፊት አለመገሠጽ፣ እርምትን ለብቻ ማድረግ፤
መ. ራሱ የማያውቀውን "አላውቅም፣ እንመልከተው" ብሎ አርአያ መሆን።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር የቡድኑ አባላት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስማቸውንና ድርሻቸውን እንዲናገሩ ያዛል። ዓላማው አንድ ጊዜ ድምፁን ያሰማ ሰው በኋላ ለመናገር እንዳይከብደው ነው። የታንዛኒያዋ ኢፋካራ ባለችበት በስምንት ከተሞች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ውጤት፣ ዝርዝሩ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የሞት መጠን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ፣ ከባድ ችግር ደግሞ ከ11 ወደ 7 በመቶ ወርዷል። ለውጡ የመነጋገር ውጤት ብቻ ነው ባይባልም መነጋገር አንዱ አካሉ ነው።

ልምምድ

ማንኛውም ሰው በአስቸጋሪው ሰዓት የሚናገረው በሰላሙ ጊዜ የተለማመደውን ነው። በጠዋቱ ስብሰባ ላይ በሳምንት አንድ ቀን 15 ደቂቃ ወስዶ ከላይ ያለውን የጄንታማይሲን ምሳሌ በጭውውት መልክ መለማመድ ይቻላል። ቦታ መለዋወጥ ይገባል፤ ስፔሻሊስቱ ነርስ፣ ነርሷም ስፔሻሊስት ሆነው ይሞክሩት። በግል ደግሞ ከቀላሉ መጀመር ይመከራል። ዛሬ በስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ መጠየቅ፣ ነገ ያልገባንን ትእዛዝ "ይድገሙልኝ" ማለት፣ ከነገ ወዲያ የማይቻል የተረኝነት ለውጥን ምክንያት ሰጥቶ አለመቀበል ይቻላል። በታላቅ ፊት ዓይንን ዝቅ ማድረግ በእኛ ዘንድ አክብሮት ነውና ዓይን ላይ ማፍጠጥ አያስፈልግም፤ ድምፅ ግን ዝቅ ማለት የለበትም።

ማጠቃለያ

በልበ ሙሉነትና በአክብሮት መናገር ከጨዋነት የሚጻረር ሳይሆን የጨዋነት ሙሉ መልኩ ነው። ታካሚው በሰመመን ላይ ሳለ፣ ወይም ገና የስምንት ኪሎ ሕፃን ሳለ፣ ስለ ራሱ የሚናገርለት አጠገቡ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው። ዛሬ ከጋፋት አቅራቢያ በደብረ ታቦር ብዙ ወጣቶች የሕክምናና የጤና ሙያ ይማራሉ። መድኃኒትና መጠኑን እንደምናስተምራቸው ሁሉ፣ መጠኑ ሲሳሳት የሚሉትንም ልናስተምራቸው ይገባል። እኛ ነባሮቹ ደግሞ በሚናገሩበት ቀን ልንሰማቸው እንዘጋጅ።